ቢጫዋን ባንዲራ ተከትለን

«ጽጌ እኮ የፈቃድ ጾም ነው» አልኳት። «አዎ፣ ፈቃዴ ነው» አለችኝ። ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ።

ይህን የተነጋገርነው ወደ ባንኮክ ልንሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረን፣ አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። በ11 ዓመት ትዳር ውስጥ ሁለታችን ብቻችንን ከአገር ወጥተን አናውቅም። ሐዋሳም ባሕር ዳርም የሄድነው ከልጆች ጋር ነው። ለዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለናል። ዕቁቡ ሰኔ ላይ ደረሰን፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነና በእጃችን ያለው ገንዘብ በዶላር ሲታሰብ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። 12 ቀን ያልነውን ወደ 7 አሳጠርነው። ደህናውን ሆቴል ትተን ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያዝን። ለእኔ የቀረልኝ ምግቡ ነበር። ባንኮክ መንገድ ዳር ቁጭ ተብሎ በርካሽ የሚበላባት ከተማ ናት፤ ስንት ሌሊት ቪዲዮ ሳይ አምሽቻለሁ። በዚህ መሀል ከመስከረም 26 ጀምሮ እጾማለሁ ስትለኝ ከፋኝ። አብረን ልንበላ ሄደን ብቻዬን ልበላ ነው ብዬ አሰብኩ።

ለማታውቁት፣ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ይታሰብበታል። ግዴታ ስላልሆነ የማይጾመው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አልጾመውም ነበር። ባለቤቴ ግን ከልጅነቷ ጀምራ ትጾመዋለች። እናቷም አያቷም እንዲሁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም እኛ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። እሷ አትበላም።

ባንኮክ የገባነው መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቦሌ በቀጥታ 9 ሰዓት ገደማ ይበረራል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ፓስፖርት ከሚመታበት ቦታ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚታይበት ጠረጴዛ አለ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ካርዷን በእጃችሁ ያዟት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቷት። ከአየር ማረፊያው በባቡር ወጣን፣ ማካሳን የሚባል ጣቢያ ላይ ወርደን ወደ ምድር ውስጡ ባቡር ተሻገርንና ሁዋ ላምፎንግ ደረስን። ደረጃውን ወጥተን ውጭ ስንቆም ሙቀቱ የሚፈላ ድስት ክዳን ሲነሳ ፊት ላይ እንደሚመጣው እንፋሎት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መስከረም እኛ ጋ ክረምቱ የሚወጣበት ነው፤ እዚያ ግን ገና ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ዶፉን ያወርደዋል።

እና ባንዲራዎቹ። በየሱቁ በር፣ በየጋሪው፣ ከአንዱ መብራት ምሰሶ ወደ ሌላው በተወጠረ ገመድ ላይ፣ ትናንሽ ቢጫ ባንዲራዎች። ሁሉም ላይ ያው አንድ ቀይ ጽሑፍ። ከሥራቸው የሚያልፈው ሕዝብ ደግሞ ግማሹ ነጭ ለብሷል። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ሱሪ፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። ባለቤቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ቆም አለችና «ዛሬ እዚህ ምን ይነግሣል?» አለች። ንግሥ የሚመስል ነገር ነበረው እውነትም።

ማረፊያው ውስጥ ቁልፍ የሰጠችን ልጅ ናት ያስረዳችን። የቻይና ዝርያ ያላቸው ታይላንዳውያን በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዘጠነኛው ወር መጀመሪያ 9 ቀን «ጄ» ይበላሉ። ጄ ማለት ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ባንዲራው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ እሱ ነው፤ ባንዲራውን ያያችሁበት ቤት ሁሉ ጄ ነው አለችን። ከተማዋ በዓሉን ከጀመረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ባለቤቴ ልጅቷን አመሰገነችና ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ጾም ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም ምንም የምለው አልነበረኝም፤ ሦስት ሳምንት በሆዴ የያዝኩት ቅሬታ እዚያ ደረጃ ላይ ቀረ።

ያን ማታ ያዋራት ወጣን። ያዋራት የቻይናውያኑ ሰፈር ዋና መንገድ ነው፣ ከማረፊያችን በእግር 10 ደቂቃ። መንገዱ ጎንና ጎን በጋሪ፣ በምድጃ፣ በትናንሽ ፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ጭስ፣ የዘይት ሽታ፣ የሞተር ሳይክል ጡሩንባ፣ ጠባቂ ፖሊስ ሲያፏጭ። ቢጫ ባንዲራዋን እያየን ሄድን። መጀመሪያ እንጉዳይ ያለበት ወፍራም ኑድል በላን። ቀጥሎ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ጎደሬ፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ ባለው ጣፋጭ መረቅ። ከዚያ የተጠበሰ ቶፉ፣ ከዚያ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት። አንዱ ሳህን ከ50 እስከ 60 ባት ነው፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 200 ብር። አንድ አንድ እያዘዝን ለሁለት ስንበላ ሆዳችን እስኪነፋ ብዙ ቤት አዳረስን።

የገረመኝ ግን ምን መሰላችሁ? ጄ ውስጥ ሽንኩርትም የለም። ነጭ ሽንኩርትም የለም። ሽታቸው ስሜትን ያነሣሣል ብለው ይተዋቸዋል። እኔ ያለ ሽንኩርት ወጥ ይሠራል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም። በሽንኩርት ቁሌት ያደገ ሰው ነኝ። እነሱ ግን በእንጉዳይ፣ በአኩሪ አተር ስጎ፣ በዝንጅብልና በነጭ ቁንዶ በርበሬ ያን የሚያህል ጣዕም ያወጣሉ። ባለቤቴ አንዷ ጋሪ አጠገብ ቆማ ሴትየዋ መጥበሻው ላይ ምን መቼ እንደምትጥል ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። የኛን የጾም ወጥ በዚህ መንገድ ብናስበው እያለች አመሸች።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄድን። ባንኮክ ዋና ከተማ የሆነችው በ1782 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ያኔ ነው የተጀመረው። አጥሩ ጥግ ላይ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አስቆመንና በትሕትና፣ ዛሬ ጠዋት ጸሎት ስላለ ዝግ ነው፣ እስከዚያ በ20 ባት ሦስት ቤተ መቅደስ የሚያሳያችሁ ሰው ላገናኛችሁ አለን። ቱክቱክ የሚሏት የእነሱ ባጃጅ እዚያው ቆማለች። ወጣን። ሾፌሩ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ አሳየንና ቀጥሎ የከበረ ድንጋይ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ አወረደን። ግዙ ግዙ የሚለው ልመና ወደ ግፊት ሲቀየር ባለቤቴ እጄን ይዛ ወጣች። ቤተ መንግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነበር። ሁለት ሰዓት ሄደብን፣ እኔም በንዴት ጦፍኩ። ስለዚህ ሰምታችሁ እንድትሄዱ ነው የምጽፈው፦ ዝግ ነው የሚላችሁን የመንገድ ሰው አትስሙ፣ በሩ ድረስ ሄዳችሁ እዩ።

እሷ ግን አልተናደደችም። «ቀኑን ለእሱ አንሰጠውም» አለች። ቦርሳዋ ውስጥ የያዘቻትን ነጠላ አውጥታ ተከናነበች። እዚያ ትከሻና እግር ሳይሸፈን አይገባም፤ በር ላይ ብዙ ቱሪስት ልብስ ሊከራይና ሊገዛ ይጋፋል። ነጠላዋን ያየች አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ፈገግ አለችና አሳለፈቻት። ውስጥ ደግሞ ጫማ ይወልቃል። ጫማችንን አውልቀን ከሌሎቹ ጋር ስንደረድር ደብር የመጣን መሰለኝ። እምነቱ ሌላ ነው፣ እኛም ልንሰግድ አልሄድንም። ግን ሰው የተቀደሰ ለሚለው ቦታ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ስታዩ ታውቁታላችሁ። የኤመራልድ ቡዳ የሚሉት ሐውልት 66 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ከከፍታ ላይ ተቀምጧል። ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለበጋው፣ ለዝናቡና ለቅዝቃዜው ወቅት፣ የወርቅ ልብሱን ይቀይሩለታል።

ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ቅርብ ነው። እዚያ የተጋደመው ቡዳ 46 ሜትር ይረዝማል። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች በተርታ ቆመዋል፤ ሰው ሳንቲም እየጣለባቸው ያልፋል። ቀን ሙሉ፣ ቅል ቅል ቅል የሚል ድምፅ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ እሱን ብቻ ሰማሁ።

ቅዳሜ ማታን ግን በደንብ ልጻፍ።

ጽጌ ሊገባ ነው። በዚያች ሌሊት አዲስ አበባ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ባለቤቴ በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ሌሊት አታልፍም። በስልክ በቀጥታ እሰማለሁ አለች፤ እኛ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት እንቀድማለን፣ እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ባንኮክ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እስከዚያ የት እናምሽ ስንል የማረፊያዋ ልጅ ፓክ ክሎንግ ታላት ሂዱ አለችን። የአበባ ገበያ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ አይዘጋም። ገበያው የሚደምቀው እንዲያውም ሌሊት ነው፤ ከገጠር የሚመጣው አበባ የሚራገፈው ያኔ ነው።

ስንደርስ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቢጫ አበባ በኩንታል። ጃስሚን በፌስታል ተሞልቶ፣ ኦርኪድ በእቅፍ እቅፍ፣ ያልፈነዳ ሎተስ፣ ጽጌረዳ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ጃስሚኑን አንድ በአንድ በመርፌ ይሰኩታል፤ ለቤተ መቅደስና ለመኪና መስተዋት የሚንጠለጠለውን አክሊል ነው የሚሠሩት። እጃቸው ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። ተሸካሚዎቹ ጋሪ እየገፉ መንገድ ልቀቁ ይላሉ። ባለቤቴ አንድ ጥግ ላይ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለራሷ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። ጽናጽሉ ጀመረ፣ ከበሮው ገባ። ጽጌ ማለት አበባ መሆኑን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቃለሁ፤ ግን ዕውቀት ብቻ ነበር። በዚያች ሌሊት፣ በዚያ ሁሉ አበባ መሀል፣ ከሰፈራችን ደብር የሚመጣውን ዜማ እየሰማን ቆመን፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። አንዲት አበባ ሻጭ አየቻትና ምንም ሳትጠይቅ አንዷን የጃስሚን አክሊል አንሥታ እጇ ላይ አሰረችላት። ገንዘብ ብንሰጥ አልቀበልም አለች።

እሑድን እኔም ጾምኩ። ወስኜ አይደለም። ቁርስ ስናዝዝ አንድ አዘዝን፣ ምሳም አንድ፣ እንዲሁ ቀጠለ።

በቀሩት ቀናት ብዙ ሄድን። በ16 ባት ጀልባ ቻው ፕራያ ወንዝን ሽቅብ ቁልቁል ተመላለስን፣ ለእኔ የከተማዋ ምርጥ መጓጓዣ እሱ ነው፤ መንገዱ በመኪና ሲታነቅ ወንዙ ላይ ነፋስ አለ። በ5 ባት ተሻግረን ዋት አሩንን አየን። ከሩቅ ድንጋይ የተቀረጸ ይመስላል። ስትጠጉት ግን ግድግዳው በሙሉ የተሰበረ ሳህንና ስኒ ነው፤ ከቻይና በመርከብ ይመጣ የነበረ ሸክላ፣ ስባሪው አበባ አበባ ሆኖ ተለጥፎ። «እናቴ የሰበርኳቸውን ስኒዎች አልጣለቻቸውም ነበር እኮ» አለች ባለቤቴ፣ ግድግዳውን በእጇ እየነካች።

ዋት ትራይሚት ደግሞ ከማረፊያችን ጀርባ ነው። እዚያ ያለው ቡዳ ወደ 5 ቶን ተኩል የሚመዝን ወርቅ ነው። ለብዙ ዘመን ግን በኖራ ተለስኖ፣ ተራ ሐውልት ተብሎ ሲኖር ማንም ወርቅነቱን አያውቅም ነበር። በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ አዲስ አዳራሽ ሲያዛውሩት ወደቀ፣ ኖራው ተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ወርቁ ታየ። በጦርነት ጊዜ ከወራሪ ለመደበቅ የለሰኑት ሰዎች ምሥጢሩን ለማንም ሳይነግሩ አልፈዋል ተብሎ ይገመታል። እሱ ፊት ረጅም ሰዓት ቆየን።

አንድ ነገር ሳልረሳው። ደረሰኝ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት 2567 ነበር። እነሱም የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ያኔ እኛ 2017 ላይ ነበርን፣ እነሱ 2567 ላይ። ሰዓታቸውም ቢሆን፣ በተለምዶ አነጋገር ማታ ላይ እንደ እኛ ከአንድ ነው የሚጀምሩት። ፈረንጅ 9 የሚለውን የማታ ሰዓት እነሱ «ሳም ቱም» ይሉታል፤ ሳም ሦስት ነው። የማረፊያዋ ልጅ ይህን ስትነግረን እኛም ሦስት ሰዓት ነው የምንለው ብለን ሰዓታችንን አሳየናት፣ አላመነችንም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ ስታገኘን ሰዓት በአማርኛ ትጠይቀን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የሰሜን ምሥራቁን፣ የኢሳን ሰዎችን ምግብ በላን። ጥሬ ፓፓያ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በቃሪያ፣ በሎሚ፣ በኦቾሎኒ። ሶም ታም ይሉታል። ሌላ ጊዜ የዓሣ መረቅና የደረቀ ሽሪምፕ ይገባበታል፤ ባንዲራ ያላት ቤት ግን ያለ እሱ ትሠራዋለች። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው እንኳ ያስለቅሳል። የሚበላው በሚያጣብቅ ሩዝ ነው፣ በእጅ። ትንሽ ቆንጥሮ፣ አድቦልቡሎ፣ መረቁን እያጠቀሱ። አምስት ቀን በማንኪያና በሹካ ከበላን በኋላ እጃችን ሥራ አገኘ።

ያው ማክሰኞ ማታ ሱኩምቪት፣ ናና የሚባለው አካባቢ ሄድን። እዚያ አረቡም አፍሪካዊውም ይበዛል፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች በዚያ ስላሉ። ከአገራችን ወደ ባንኮክ ብዙ ሰው ለሕክምና እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እግረኛ መንገድ ላይ ከፊታችን አንዲት ሴት በስልክ በአማርኛ ሲናገሩ ሰማን። 60 ዓመት ያልፋቸዋል። ሲጨርሱ ሰላም አልናቸው። አቅፈው ሳሙን፣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁንም። ልጃቸውን ሊያሳክሙ ከመጡ 12 ቀናቸው ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፣ ግን ገና አልጋ ላይ ነው።

«ምን ይበላሉ ታዲያ?» አለቻቸው ባለቤቴ።

«ምን እበላለሁ ልጄ፣ ጽጌ ገብቷል። ለእሱ ስለት አለብኝ። ዳቦና ሙዝ። ከዱሮውም የሚያቀርቡልኝ ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቀውም።»

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። በዚያ ሁሉ ምግብ መሀል፣ ዳቦና ሙዝ። ባለቤቴ ክንዳቸውን ያዘች። ሁለት መንገድ አልፈን ባንዲራዋን አገኘን። ጋሪው ላይ ሰውየው ከሩዝ ጋር በእንጉዳይ፣ በቶፉና በጎመን የተሠራ ነገር ይሸጣል፤ ከላይ በሶብላን የሚመስል ቅጠል ጣል ያደርግበታል፣ ሽታው የበሶብላ ዘመድ ነው። እናት ገበታውን ባረኩ፣ ቀመሱ። ቀጥለው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው በሉ። ሌላ አዘዝንላቸው። ባለቤቴ ቀዩን ጽሑፍ በወረቀት ላይ አስመስላ ጻፈችላቸውና ለሰውየው አሳየችው፤ ትክክል ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በዓሉ ዓርብ ያበቃል፣ ባንዲራዎቹም ይወርዳሉ፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ጄ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። የኛ ችግር እነሱን ለእናት ማግኘት ሆነ።

ረቡዕንና ሐሙስን በዚያ አሳለፍን። ትልቁን የገበያ ማዕከልና የቀረልንን የቦይ ጀልባ ትተን በሆስፒታሉ ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ዞርን። ማንም አላዘነም፤ ያን ያህል በእግሬ ተጉዤ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሁለት ቤት አገኘን። አንዷ የቻይና አሮጊት የሚሠሩባት፣ አራት ጠረጴዛ ያላት፣ በዓሉ ሲያልፍም የማትዘጋ። ሐሙስ ምሳ ላይ እናትን ወስደን ከአሮጊቷ ጋር አስተዋወቅናቸው። አንዳቸው አማርኛ፣ አንዳቸው ታይኛ። አሮጊቷ ነጭ ልብሳቸውን አዩና የራሳቸውን ነጭ ሸሚዝ ጎተት አድርገው አሳዩዋቸው።

ዓርብ ሌሊት ተሳፈርን። ቦሌ ስንደርስ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ቆመው ይጠብቁን ነበር። የባለቤቴ እጅ ላይ ያለው የጃስሚን አክሊል ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ክሩ ግን አልተበጠሰም።

ጥቅምት 9 ላይ ስልክ ተደወለ። እናት ናቸው። ልጃቸው ቁጭ ብሎ መብላት ጀምሯል። አሮጊቷ በየቀኑ ቦታቸውን ይይዙላቸዋል፣ ሂሳብም ይቀንሱላቸዋል።

«ደግሞ ሌላ አገኘሁ» አሉ። «ከሆስፒታሉ ጀርባ። ብቻዬን ነው ያገኘሁት። ባንዲራ የለውም፣ ግን ጽሑፉን አወቅሁት።»